የተልባ አገዳና የአክስቴ በርሜል

ሰሞኑን ስለ ሄምፕ ሳነብ ነው የማመሸው። አዎ የካናቢስ ዘመድ ነው፣ ግን የሚያሰክረው ነገር (ቲኤችሲ የሚሉት) ከ0.3 በመቶ ካልበለጠ አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ 2018 እንደማንኛውም ሰብል ይመረት ብለው ፈቅደዋል። እኛ ጋ ስሙን ስትጠራ ሁሉም ሻሸመኔን ነው የሚያስበው፣ ተዉት። እኔን የሳበኝ ትርፍራፊው ነው። ቃጫው ሲላጥ ውስጡ የሚቀረው እንጨት እንጨት የሚለው ነገር ከአገዳው 70 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ እሱን ነዳጅና ኬሚካል ማድረግ ይቻላል።

ያኔ የመንዝ ተልባ ትዝ አለኝ። እሱም እኮ ላዩ ቃጫ ውስጡ እንጨት ነው፣ ፍሬው ከተወቃ በኋላ አገዳው አውድማ ዳር ይጣላል፣ ከብቱ ለገብስ ገለባ እየተሻማ እሱን ዞር ብሎም አያየውም። ታዲያ ጥር ላይ አክስቴ ጋ ሄጄ አንድ አሮጌ በርሜል ቂጡን በሳሁና አገዳውን ጠቅጥቄ ለኮስኩት፣ ነጩ ጭስ ሳስቶ ሰማያዊ ሲሆን ክዳኑን ገጥሜ ዙሪያውን በጭቃ መረግኩት። አየር ካጣ አይነድማ፣ ይከስላል። "አንተ ልጅ፣ ኩበት ሞልቶ ምን ያንገበግብሃል?" ይሉኛል አክስቴ። ኩበቱ ማሳ ላይ ቢበተን አይሻልም ወይ ብላቸው ሳቁብኝ። እኔም አላስችል ብሎኝ ሳይበርድ ከፈትኩት፣ አየር ሲያገኝ ቦግ! አመድ ብቻ።

በማግስቱ ደግሜ አክስዬ ሳልከፍት አሳደርኩት። ከሰሉ ወጣ ግን ሲነኩት ይደቃል፣ በሸክላ አፈር ለውሼ ጠፍጥፌ አደረቅኩት፣ ነደደ፣ አፈሩ ስለበዛ ግን አመዱ ጉድ ነው። ክዳኑ ስር ደግሞ ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር አንጠባጥቦ አገኘሁ፣ ሽታው ሁለት ቀን ከእጄ አልለቅ አለ። ዋናው ነገር ይሄ ነው ለካ! እንዲህ ያለውን እንጨት አየር በሌለበት በ500 ዲግሪ አካባቢ በሰከንዶች ውስጥ ካበሰሉት እስከ ሦስት አራተኛው ወደ ፈሳሽ ይቀየራል። ታዲያ ውሃም አሲድም አለበት፣ ብረት ይበላል፣ ሳይጣራ መኪና ላይ አይገባም።

ኬሚካሉስ ካላችሁ፣ አሜሪካኖቹ በ1920ዎቹ ከአጃ ገለፈት (የኛው አጃ!) በአሲድና በእንፋሎት ፉርፉራል የሚባል ፈሳሽ ማውጣት ጀምረው ነበር፣ የሞተር ዘይት ለማጣራትና ሙጫ ለመስራት ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ማጓጓዙ ነው። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን አገዳ በአይሱዙ ብትጭን መኪናው ሞልቶ የምትወስደው አየር ነው፣ ናፍጣው ትርፉን ይበላዋል። እዛው አክስሎ መጫን ይሻላል ባይ ነኝ።

በርሜሉ የውሃ ማጠራቀሚያቸው እንደነበር ግን የነገሩኝ ከበሳሁት በኋላ ነው። ትናንትም ደውለው "በርሜሌን መቼ ነው የምትገዛልኝ?" አሉኝ።