ለጓሮ ጥብስ የሚሆን ከሰል፦ ከዛፉ ስም በፊት ብስለቱ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ገበያ ከሰል የሚገዛ ሰው አስቀድሞ «የምን እንጨት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ከሰሉ ከየትም ይምጣ «የግራር ነው» ብሎ ይመልሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በጓሮው ሥጋ በፍርግርግ ላይ ለሚጠብስ፣ ከዚያም አልፎ በጭስ ለሚያበስል ሰው፣ ከዛፉ ስም ይልቅ ከሰሉ በሚገባ በስሎ መውጣቱና ደረቅ መሆኑ የበለጠ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ለቡና የተገዛ ከሰል ጥቂት ቢያጨስ ቡናው በጀበናው ውስጥ ተከድኖ ስለሚፈላ ብዙም አይጎዳም፤ ሥጋው ግን ምንም ሳይሸፍነው ከፍሙ በላይ ስለሚዘረጋ ከከሰሉ የሚወጣው ጠረን ሁሉ ይገባበታል።

ብስለት የምለው ይህን ነው። የተከመረ እንጨት በሣርና በአፈር ተሸፍኖ አየር እያጠረው ሲነድ በመጀመሪያ ውሃው ይተናል፤ ሙቀቱ ወደ 270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንጨቱ ራሱ እያሞቀ መፈራረስ ይጀምራል፤ ዝፍቱ፣ ኮምጣጤ የሚሸተው እንፋሎትና ጋዙም እየወጣ ይሄዳል። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ የደረሰው ክፍል ጥሩ ከሰል ሆኖ ይወጣል። በአፈር ክምር የሚከስል እንጨት ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል አይሞቅም፤ ከመሬቱ ጋር የተያያዘውና በክምሩ ጠርዝ ያለው ብዙ ጊዜ ሳይደርስ ይቀራል። ከሰል አክሳዩ ደግሞ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ እንጨት የሚፈጅበት በመሆኑ ያልደረሰውን መጣል አይሆንለትም፤ ከደረሰው ጋር ቀላቅሎ ማዳበሪያው ውስጥ ይከተዋል። በዚያ ባልደረሰው ጉማጅ ውስጥ የቀረው ዝፍት ነው ፍርግርጉ ላይ ወፍራም ነጭ ጭስ የሚሆነውና ሥጋውን የሚያመርረው።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ከሰል የምገዛቸው አንዲት እናት፣ ማዳበሪያው ውስጥ እጄን ሰድጄ ከታች ስፈልግ ሲያዩ አይቆጡም፤ «አብሽር ልጄ፣ ስበረውና እየው» ይላሉ። ሲሰበር መታየት ያለበት ይህ ነው፦ ስብራቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጥቁር፣ የእንጨቱ ቀለበትና ስንጥቅ ሳይጠፋ የሚለይ፣ እጅን እምብዛም የማያጠቁር ሊሆን ይገባል። ሁለቱን ጉማጅ ሲያጋጩትም እንደ ሸክላ ስባሪ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በአንጻሩ ዱብ የሚል ድምፅ ያለው፣ ለመስበር የሚያስቸግርና መሐሉ ቡናማ ሆኖ የሚታይ ከሆነ ገና እንጨት ነው። እርሳቸው አንዱን ሰብረው መሐሉ ቡናማ ሆኖ ሲያገኙት ከእኔ ፊት አንስተው ወደ ራሳቸው ምድጃ ይወረውሩታል፤ ለእንጀራ ምጣድ እሳት ይሆናልና ከንቱ አይቀርም። ይህን የመሰለ ሻጭ ማግኘት ማንኛውንም ዓይነት የዛፍ ስም ከማወቅ ይበልጣል። ሁሉም ሻጭ እንዲህ እንዳልሆነም መናገር ያስፈልጋል፤ ትልልቁን ጉማጅ ከላይ ደርድሮ ከሥሩ ድቃቂ፣ አፈርና ጠጠር መሙላት የቆየ ዘዴ ስለሆነ አፉ የተሰፋ ማዳበሪያ ሳይፈታ አልገዛም።

ስለ ዛፉም ቢሆን ጥቂት ማለት ይገባል። የግራር ከሰል ጥቅጥቅ ያለና ከባድ ስለሆነ ለመያያዝ ይዘገያል፤ ከተያያዘ ግን ሙቀቱ ጠንካራና ረጅም ነው። የባሕር ዛፍ ከሰል ቀለል ያለ በመሆኑ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። እኛ ዘንድ ከሰል የሚሸጠው በክብደት ሳይሆን በማዳበሪያ ወይም በጣሳ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ዋጋ ቀላሉን የገዛ ሰው ያነሰ ሙቀት ገዝቷል ማለት ነው። ቢሆንም የጎድን ጥብስን ለመሰለ በአጭር ጊዜ ለሚያልቅ ሥራ በሚገባ የበሰለ የባሕር ዛፍ ከሰል በቂ ነው፤ በሚገባ ካልበሰለ የግራር ከሰል ይልቅም እርሱን እመርጣለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ከአፋር ቆላ የሚገኘው የፕሮሶፒስ ነገር ነው። ይህ እሾሃም ዛፍ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን በተለይ በ1970ዎቹ በአፋር ተተክሎ፣ ዛሬ የአዋሽን ተፋሰስ የግጦሽ መሬት እየወረረ አርብቶ አደሩን ያስመርራል። አሜሪካውያን ለሥጋ ጥብስ እጅግ የሚወዱት ሜስኪት የሚባለው እንጨት ደግሞ የዚሁ የፕሮሶፒስ ወገን ነው። ከሰሉ ከባድና ኃይለኛ ሙቀት ያለው ነው፤ አገር በቀሉን ግራር ከመቁረጥ ይልቅ ይህን ወራሪ ማክሰል ለመሬቱም ይበጃል። ነቀፋው ሲያያዝ መንጣጣቱና ፍንጣሪ መበተኑ ነው፤ ስለዚህ ልጆችን ራቅ ማድረግ፣ ሥጋውንም ፍሙ አመድ ለብሶ እስኪረጋ ድረስ አለመጣድ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ እርጥበት ነው። ከሰል ከክምሩ ሲወጣ ውሃ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአየሩ እየሳበ ከክብደቱ 5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ውሃ ይይዛል፤ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ከተማው ላይ ሲተኛ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ማዳበሪያ ምን እንደሚሆን የደሴ ሰው ያውቀዋል። እርጥብ ከሰል ከሙቀቱ ከፊሉን ራሱን ለማድረቅ ያወጣዋል፤ ውስጡ የገባው ውሃ በድንገት ሲተንም ይፈነዳል። ማዳበሪያው ከወትሮው ከብዶ፣ ጉማጁም ሲነካ ቀዝቀዝ ካለ መተው ነው። የሚሻለው በበጋ ገዝቶ መክደኛ ባለው በርሜል፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከአረፋና ከፋሲካ በፊት ዋጋው ስለሚንር ይህ ለኪስም ይረዳል።

በጭስ ለሚያበስል ሰው የጉማጁ መጠን ከሁሉ በላይ ወሳኝ ነው። ለጥብስ ጡጫ የሚያህሉ ጉማጆች ይበቃሉ፤ ለጭስ ግን ክንድ የሚያህሉትን ለይቶ ግማሽ በርሜል ውስጥ በአንድ ወገን መደርደርና ከአንድ ጫፍ ብቻ ማያያዝ፣ ሥጋውንም በሌላው ወገን አስቀምጦ መክደን ያስፈልጋል። ድቃቂው የአየሩን መንገድ ስለሚዘጋ አስቀድሞ በወንፊት ይለያል። በክዳኑ ሥር ያለው ሙቀት ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ከቆየ የበግ ወርች ቀስ እያለ ይለሰልሳል። ዶሮ ከሆነ ግን የውስጡ ሙቀት 74 ዲግሪ ሳይደርስ መውጣት የለበትም።

በደንብ የበሰለ ከሰል የራሱ ጭስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መዓዛው ከሌላ መምጣት አለበት። እዚህ ላይ የእናቶቻችን ዕውቀት ከማንም ይቀድማል፦ የወተት ዕቃው በወይራ ይታጠናል፣ የጠላው ጋን በወይራና በጥንጁት። እኔም ፍሙ ላይ የማኖረው ከደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ ጥቂት ስንጥር ነው፤ ወይራ ዘግይቶ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ ለከሰል መቆረጡ ያሳዝናል፤ ለጭስ የሚያስፈልገው ግን እፍኝ ነው። ከሐይቅ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ በጨው ተሽቶ፣ ቆዳው እስኪደርቅ በአየር ላይ ቆይቶ፣ በዚህ ጭስ ሲበስል ሌላ ቅመም አይሻም። የጥድና የባሕር ዛፍ እንጨት ግን አንዱ በሙጫው፣ ሌላው በዘይቱ ሥጋውን መድኃኒት መድኃኒት ስለሚያሰኙት አይሆኑም።

ጥሩ ከሰል መርጦ በፌስታል ማቀጣጠል ድካምን ከንቱ ማድረግ ነው፤ የሚቀልጠው ላስቲክ መርዛማ ጭስ ያወጣል፣ ነጭ ጋዝም ሽታው ሥጋው ላይ ይቀራል። በደረቅ ጭራሮ፣ ግርጌው በተበሳሳ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ማያያዝ ከሁሉም ይሻላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ደሴ ላይ አየሩ ይበልጥ ስስ ነው፤ ስለሆነም ኮምቦልቻ ጓሮ ውስጥ በግማሽ የሚከፈተው የበርሜሉ አየር መግቢያ ደሴ ላይ ሰፋ ማለት ይኖርበታል።

ሲመሽ ብርዱ ቢጸናም የተረፈውን ፍም ወደ ቤት ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ ጭስ የሌለው ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰውም ሳይነቃ ይሞታል። ክዳኑንና የአየር መግቢያዎቹን ዘግቶ ማዳፈን ይበቃል፤ ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም። በማግስቱ የሚገኘው ትርፍራፊ ዝፍቱ ሁሉ የወጣለት ስለሆነ ሳያጨስ ቶሎ ይያያዛል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከአዲሱ ከሰል ሥር ይነጠፋል፤ በወንፊት የተለየው ድቃቂም ወደ ቡናው ማንደጃ ይሄዳል።