የከሸፉ ሙከራዎችን ፊልሞች በተራ ሳያቸው

ሙከራቸው የከሸፈባቸውን ሳይንቲስቶች የሚያሳዩ የድሮ አስፈሪ ፊልሞችን በወጡበት ዓመት ተራ ለማየት ወሰንኩ። ቅዳሜ ማታ ማታ ከወንድሜ ጋር ነበር የምናያቸው። ስልካችንን ሌላ ክፍል ትተን። ቀስ ብለው የሚሄዱ ፊልሞች ናቸው፤ ስልክ እየነካኩ ካዩዋቸው ምንም አይሰጡም።

የጀመርነው እ.ኤ.አ. በ1931 ከወጣው «ፍራንከንስታይን» ነው። ሳይንቲስቱ ከሬሳ የሠራውን ፍጡር ሆኖ የሚጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ አንድም ቃል ሳይናገር፣ በዓይኑና በእጁ ብቻ አንጀት ይበላል። ሐይቅ ዳር ከአንዲት ሕፃን ጋር አበባ ውኃ ላይ እየጣለ ይጫወታል። አበባው ሲያልቅበት እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል። ይህ ክፍል ለብዙ ዓመታት ተቆርጦ ነበር። ሲቆረጥ ደግሞ ሆን ብሎ የገደላት ያስመስላል። ስለዚህ ሙሉውን ቅጂ ፈልጉ።

የ1933ቱ «የማይታየው ሰው» በጆሮ የሚታይ ፊልም ነው። የማይታየውን ሰው ሆኖ የሚጫወተው የክሎድ ሬይንስ ፊት የሚታየው መጨረሻ ላይ፣ ሲሞት ብቻ ነው። ጥሩ ድምፅ ማጉያ ካላችሁ አውጡት።

በጣም ያከራከረን «ዝንብ» ነው። የ1958ቱንና ዴቪድ ክሮነንበርግ በ1986 የሠራውን አከታትለን አየን። በሁለቱም ሳይንቲስቱ ዕቃን ከቦታ ቦታ የሚያሻግር ማሽን ይሠራና ራሱ ሲገባበት ዝንብ አብራው ትገባለች። በመጀመሪያው ጭንቅላቱና አንድ እጁ ከዝንቧ ጋር ይለዋወጣሉ። ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ሚስቱን በጽሑፍ ይለምናታል፦ ዝንቧን ፈልጊልኝ። ዝንቧ ከተገኘች ተስፋ አለ ማለት ነው። ወንድሜ ልብ የሚሰቅለው ይሄ ነው ይላል።

እኔን የያዘኝ ግን ሁለተኛው ነው። እዚያ የሚፈለግ ዝንብ የለም፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። ሰውየው መጀመሪያ ጉልበት ያገኘ ይመስለዋል። ከዚያ ጥፍሩ ይነቀላል፣ ጥርሱ ይወልቃል፣ ጆሮው ይወድቃል። የሚወዱት ሰው በሕመም ሲያልቅ ቆሞ እንደማየት ነው። ሜካፑ ኦስካር አግኝቷል፤ ይገባዋል!

አሁን ማንኛውንም እንዲህ ያለ ፊልም ሳይ ጥፋቱ ከመምጣቱ በፊት የሚታየውን የማስጠንቀቂያ ምልክት እፈልጋለሁ። በ1958ቱ ፊልም መጀመሪያ የተሻገረው ዕቃ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ይወጣል። ቀጥሎ ድመቷ ትጠፋና ድምጿ ብቻ ከአየር ላይ ይሰማል። ሰውየው ይህን ሁሉ አይቶ፣ ለማንም ሳይናገር በሩን ዘግቶ ይገባል። እኔን ከዝንቡ ጭንቅላት ይልቅ የሚያስፈራኝ ያ የተዘጋ በር ነው።

ለጀማሪ የ1958ቱን እመክራለሁ። የ1986ቱን ልጆች ባሉበት አትክፈቱት።