ስድስተኛ ሳምንት፦ ጣት ሳይታጠፍ

ለተረከዜ ሕመም የእግር ልምምድ ከጀመርኩ ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቼን ሳላጥፍ የቀኝ እግሬን ቅስት፣ ማለትም መሬት የማይነካውን የውስጥ እግር ክፍል፣ አነሳሁ። አምስት ሰከንድ ቆየልኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም።

አነሳሴን ታውቁታላችሁ። እዚህ ጎንደር ከማራኪ ፒያሳ በእግሬ ስመላለስ ተረከዜን ያመኝ ጀመር። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ይመስለኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒ የሚማር ጓደኛዬ የእግርን ጡንቻዎች በየስማቸው አስጠናኝ። ስማቸውን ትቼ በእርምጃ ጊዜ ሥራቸውን ልንገራችሁ።

ተረከዝ መሬት ሲነካ ከቅልጥም ፊት ያለው ጡንቻ እግሩን ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። እሱ ከደከመ እግር ጧ ብሎ ያርፋል። ክብደት ሲጫን ደግሞ ሁለት ጡንቻዎች፣ አንዱ በውስጥ አንዱ በውጭ ቁርጭምጭሚት ዞረው፣ ጅማታቸውን ከሥር አሻግረው እንደ እርካብ ይይዙታል። በመጨረሻ ባት ይገፋል። ተረከዝ ተነስቶ አውራ ጣት ሲቀለበስ፣ ከተረከዝ እስከ ጣቶች የተዘረጋው ወፍራም ጅማት ተወጥሮ ቅስቱን ያነሳዋል። እግራችሁን መሬት አሳርፉና አውራ ጣታችሁን በእጃችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ታዩታላችሁ። ሂክስ የሚባል ሐኪም ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የእኛው የጎንደር የጤና ኮሌጅ በተከፈተበት ዓመት!

ያስቸገረኝ «አጭር እግር» የሚሉት ልምምድ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቶችን ዘርግቶ፣ የአውራ ጣትን ሥር ወደ ተረከዝ መሳብ። ሲያወሩት ቀላል ነው። የእኔ ጣቶች ግን በሞከርኩ ቁጥር ምንጣፉን ይቧጥጣሉ። ከባት የሚወርዱት ረጃጅም የጣት ሳቢዎች፣ ውስጥ እግር ውስጥ ተነስተው እዚያው የሚያልቁትን ትንንሾቹን ሥራ ይቀሟቸዋል።

ፎጣ በጣት መሰብሰብን ለእናንተም መክሬ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ተዉት። ሁለት ሳምንት ሠርቼው የተማርኩት ማጠፍን ብቻ ነው።

የጠቀመኝ ወረቀት ነው። የደብተር ቅጠል ከጣቶቼ ሥር አስገባለሁ፣ ታናሽ እህቴ ትስባለች። «ወንድምዬ፣ አሁንም ይዘኸዋል!» ትለኛለች። ወረቀቱ ሳይቀደድ ከወጣ ጣቶቼ አልተጫኑም ማለት ነው። ትናንት ሹልክ ብሎ ወጣ። ከእግሬ የውስጥ ጠርዝ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ስትጠጥር ተሰማኝ። ያቺ ትንሽ ጡንቻ ናት እንግዲህ ስድስት ሳምንት የፈለግኋት።

ባትን የሚያጠነክረውን በጣት ቆሞ ተረከዝ ማንሳት ግን በየቀኑ አልሠራሁም። የአለቀ ጫማዬንም አልቀየርኩም። እናንተ ከዚያ ጀምሩ።

ግራ እግሬ ወረቀቱን ገና አለቀቀም።