የጎማ ዳዶ ክሪኩ ሳይነሳ ለምን ይላላል?

መኪናዋን በክሪክ ካነሱ በኋላ ከዳዶው ጋር መታገል በየመንገዱ ዳር ይታያል። መፍቻው ሲገፋ ጎማው አብሮ ይዞራል፣ መኪናዋም ክሪኩ ላይ ትወዛወዛለች። ጎማው መሬት ረግጦ ሳለ ግን አስፋልቱ በሰበቃ ይይዘዋል። ስለዚህ ገና ሳይነሳ እያንዳንዱን ዳዶ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ማላላት ነው።

ቪትዝ ላይ ዳዶው የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። መፍቻው 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጫፉ ላይ የ42 ኪሎ ክብደት ያህል መጫን ይጠይቃል። በቧንቧ ወደ 50 ቢረዝም 21 ኪሎ ይበቃዋል። የዛገ ዳዶ ከዚህ በላይ ይፈልጋል። ቧንቧው ታዲያ ለመፍታት ብቻ ነው። ሲጠብቅ መፍቻው ላይ መቆምም አደገኛ ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያው አጭር መፍቻ 170 ኒውተን ሜትር ገደማ ያሳርፋል፣ ብሎኑ ይሳባል።

ከማንሳት በፊት በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ማስደገፍ ግድ ነው። በፊት ጎማ የምትሄድ መኪና አንድ የፊት ጎማዋ አየር ላይ ሲሆን ማርሽ አይይዛትም፤ የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል የተንጠለጠለውን ጎማ ያዞረዋል። የኋላው ሲነሳ ደግሞ የእጅ ፍሬን የሚይዘው አንዱን ጎማ ብቻ ነው።

ክረምት ላይ መረሬ አፈር ክሪክ ይውጣል። ክሪኩ 3000 ኒውተን ቢሸከምና እግሩ 8 በ10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መሬቱን በ375 ኪሎ ፓስካል ይጫነዋል፤ በደንብ የተነፋ ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ይበልጣል ማለት ነው። ከሥሩ 30 በ30 የሆነ ጣውላ ሲገባ ግፊቱ ወደ 33 ይወርዳል። ጣውላው ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ይወፍር፤ ስስ ከሆነ መሐሉ ጎብጦ ጫናው እዚያው አንድ ቦታ ይቀራል።

ብዙዎች በቅንነት የሚሳሳቱት ብሎኑን ግራሶ በመቀባት ነው። ስናጠብቅ ከጉልበታችን አብዛኛውን የሚበላው በጥርሱና በዳዶው ፊት ላይ ያለው ሰበቃ ነው፤ ቸርኬውን ለማጣበቅ የሚተርፈው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ግራሶ ሰበቃውን ሲቀንሰው በዚያው 103 ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይወጠራል፣ ሊበጠስም ይችላል። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል።

የዳዶው ሾጣጣ ጎን ወደ ቸርኬው ይዙር። አየር ላይ በእጅ፣ መሬት ሲነካ በመፍቻ፣ አንዱን ከአንጻሩ እያፈራረቁ ይጠብቃል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሻል፤ ከቸርኬው ጀርባ የቀረ ዝገትና ቀለም ሲጨፈለቅ ውጥረቱ ይላላል።