ኳንደሪ በበረዶ፦ ሁለተኛ ሙከራ

አምና ከኳንደሪ ወገብ ላይ ተመልሼ፣ መኪና ውስጥ እጄን ብብቴ ሥር ወትፌ እንዳለቀስኩ ነግሬያችሁ ነበር። ዘንድሮ ጫፉ ላይ ወጣሁ። ብቻዬን። አንዱ እጄ ላይ ጓንት፣ ሌላው ላይ ካልሲ አጥልቄ። የካልሲው ታሪክ ይቆየን።

ለአዲሶች ባጭሩ ልንገራችሁ። ኳንደሪ ኮሎራዶ ውስጥ ከብሬክንሪጅ ከተማ በስተደቡብ ያለ ተራራ ነው። ከፍታው 4,348 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ከ14 ሺህ ጫማ በላይ የሆኑትን ተራሮች «ፎርቲነር» ይሏቸዋል፤ ከ50 በላይ አሉ። ስሙን ያወጡለት የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ናቸው ይባላል። ያገኙት ድንጋይ ምን እንደሆነ ግራ ቢገባቸው ተራራውንም «ግራ መጋባት» አሉት። ራስ ዳሸን ይበልጠዋል። እሱን ግን አልወጣሁትም፤ አትሳቁብኝ።

ሌላም ማስታወሻ አለኝ። ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ጣጣ አምጥቷል።

በበረዶ ወራት ለብቻዬ ይህን ተራራ የመረጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። የምሥራቁ ሸንተረር ሰፊ ነው፣ መንገዱም ግልጽ ነው። እሱን ሳትለቁ ከሄዳችሁ የበረዶ ናዳ ከሚፈራባቸው ቦታዎች ትርቃላችሁ። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው። ከሸንተረሩ ግራና ቀኝ ደግሞ እንዲህ ያለው ሞልቷል። ስለዚህ ሕጌ አንድ ነበር፤ አቋራጭ የለም። ከመውጣቴ በፊት ለአምስት ቀን የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን ትንበያ ሳነብ ሰነበትኩ። አደጋውን ከ1 እስከ 5 በደረጃ ያስቀምጣሉ። በዚያ ሳምንት 2 ላይ ነበር። 3 ቢሆን ኖሮ ቤቴ ተኝቼ አድር ነበር።

አምና የጣለኝ ብርድ አልነበረም፣ ላብ ነው። ከመኪና ስወርድ ስለበረደኝ ያለኝን ሁሉ ደራርቤ ለበስኩ። ጫካው ውስጥ ዳገቱን ስያያዘው ላብ አጠመቀኝ። ከዛፎቹ በላይ ነፋሱ ሲያገኘኝ ያ ላብ ጀርባዬ ላይ በረዶ ሆነ። ዘንድሮ አንድ ስስ ሹራብና የነፋስ መከላከያ ጃኬት ብቻ ለብሼ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው የሄድኩት። ከዚያ በኋላ ግን ልክ ሆንኩ። ወፍራሙን ጃኬት ቦርሳ ውስጥ ከላይ አደረግሁት፤ በቆምኩ ቁጥር ልለብሰው፣ ስንቀሳቀስ ላወልቀው። አሰልቺ ነው። ግን ጀርባዬ ደረቅ እንደሆነ ወጣሁ፣ ደረቅ እንደሆነ ወረድኩ።

ልምምዱን ለጠየቃችሁኝ፦ የምሠራበት ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ስድስት ፎቅ አለው። ከሌሊት ሥራ ስወጣ በሳምንት ሦስት ቀን ያንን ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ክብደት መግዛት አልፈለግሁም። የ25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ቦርሳ ውስጥ ከትቼ እሸከማለሁ፤ 11 ኪሎ ይሆናል። ጥበቃው አንድ ቀን ምን እንደተሸከምኩ ጠየቀኝ። «ዱቄት» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ሊፍቱን እየጠቆመ ይስቃል።

እንግዲህ ወደ ቀኑ። ሐሙስ ነው፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ የገና ጾም አልተፈታም። ዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሳሁ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። የመኪናው ሰሌዳ ከዜሮ በታች 17 ይላል። 1 ሰዓት ላይ የግንባር ባትሪዬን አብርቼ ገምባሌዬን አሰርኩ፤ በረዶ ጫማ ውስጥ እንዳይገባ እሱ ግድ ነው። የመነሻው ከፍታ 3,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። ከዚያ 1,050 ሜትር ያህል ሽቅብ። ደርሶ መልስ ወደ 11 ኪሎ ሜትር።

ጫካው ውስጥ በረዶው በሰው እግር ተረግጦ ጠንክሯል። ስኖውሹዬን (በረዶ ውስጥ እንዳልሰምጥ ጫማ ሥር የማስረውን ሰፊ መርገጫ) ቦርሳዬ ላይ አስሬ፣ ጫማዬ ላይ ባለ ጥርሱን ሰንሰለት ብቻ አጥልቄ ወጣሁ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ዛፍ አለቀ። ፀሐይዋ ከኋላዬ ባሉት ተራሮች ላይ ወጥታለች። ነፋሱም እዚያው ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

ለጫፉ የተሰጠው ትንበያ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው፤ ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር። ሁለቱ ሲደመሩ ቆዳ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 31 ያህል ነው። ያልተሸፈነ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በብርድ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሳየው አልገባኝም ነበር። የገባኝ ቅንድቤ ላይ ትንፋሼ በረዶ ሲሠራ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አምና የያዝኳቸው ጣፋጭ ባሮች እንደ ጡብ ደርቀው ጥርሴን ሊሰብሩት ነበር። ዘንድሮ ጾሙ ገላገለኝ። ኪሴ ውስጥ የገብስ ቆሎ ከሱፍና ከለውዝ ጋር ያዝኩ። ቆሎ አይደርቅም፤ ድሮውንም ደረቅ ነው። ጓንት ሳታወልቁ እፍኝ አድርጋችሁ ታነሳላችሁ፤ ግማሹ መሬት ይወድቃል፣ ግማሹ አፍ ይገባል። ፔርሙዝ ውስጥ ደግሞ በሶ በሙቅ ውሃና በስኳር፣ ቀጠን አድርጌ። ሰዓት ግን አልጾምኩም፣ እውነቱን ልናገር። ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጌ ቦርሳ ውስጥ ዘቅዝቄ አስቀመጥኩት። ውሃ ከላይ ስለሚጀምር መርጋት፣ ክዳኑ ታች ከሆነ ቶሎ አይዘጋም። ቱቦ ያለውን የውሃ ቦርሳ ግን እርሱት። አምና ገና ሁለት ሰዓት ሳልሄድ ቱቦው እንደ ሸንበቆ ጠንክሮ ቀረ።

4 ሰዓት ከሩብ ላይ 4,000 ሜትር አካባቢ ያለው ሜዳማ ቦታ ደረስኩ። አምና የተመለስኩት እዚህ ነው። ጫፉ ከፊት ለፊት ተገትሮ ይታያል። ቅርብ ይመስላል፤ አይደለም። ገና 350 ሜትር ቀጥ ያለ ዳገት አለ። ለራሴ የመመለሻ ሰዓት ቆርጬ ነበር፤ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብሆን እዞራለሁ። ፀሐይ በዚህ ወር 10 ሰዓት ከ40 ላይ ትገባለች፤ ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ ለጨለማም ለቁርጭምጭሚቱም ትርፍ ሰዓት ያስፈልገዋል።

ካልሲውን እዚህ ጋ ነው የማመጣው። በሶዬን ልጠጣ ፔርሙዙን ስከፍት ክዳኑ አልዞር አለኝ። የቀኝ እጄን ወፍራም ጓንት አውልቄ ጉልበቴ ሥር ያዝኩት። ክዳኑ ሲከፈት ጉልበቴ ትንሽ ፈታ አለ። በቃ። ጓንቱ አንዴ በረዶው ላይ ተንከባለለ፣ ሁለተኛ ተነሳ፣ ከዚያ እንደ ወፍ በረረና በደቡብ በኩል ባለው ገደል ሄደ። ተከትዬው ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። ሁለት እርምጃ! ከዚያ የት እንደምሄድ ትዝ አለኝና ቆምኩ። የማፍርበት ነገር ቢኖር ያቺ ሁለት እርምጃ ናት።

ሥሩ ስስ ጓንት አለኝ፤ ብቻውን ግን ለዚያ ነፋስ አይሆንም። ትርፍ የሱፍ ካልሲ ይዤ ስለነበር ሁለቱንም አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ እጄ ላይ አጠለቅኋቸው። ጣቶቼን ውስጥ ጨብጬ እያፍታታሁ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ከሞቁ እቀጥላለሁ፣ ካልሞቁ እመለሳለሁ ብዬ። ሞቁ። በዱላ መደገፍ ግን በግራ እጄ ብቻ ሆነ። ትናንት ለቀረኝ ጓንት ገመድ ሰፋሁለት፤ እንደ ሕፃን ልጅ አንገቴ ላይ አስሬው ነው የምሄደው።

የመጨረሻው ዳገት ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታ አይከብደውም የሚሉ አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ዴንቨር አካባቢ ኖሬ እኔን ከብዶኛል። በፊት ሃያ እርምጃ ሄጄ እቆም ነበር። ያን ዕለት ሃያው ራቀብኝ። እማዬ በጣቶቿ አንጓ 41 እግዚኦ ስትቆጥር ትዝ አለኝ። እኔም በካልሲው ውስጥ አውራ ጣቴን አንጓ ላይ እያሳለፍኩ፣ ለአንድ እርምጃ አንድ እግዚኦ እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ። 41 ሲሞላ ቆሜ እተነፍሳለሁ። ገርሞኛል፤ ከሃያው ይልቅ ይኼ ቀለለኝ። ቀስ ስለሚያስብል ይመስለኛል። ደረስኩ ባልኩ ቁጥር ሌላ ጉብታ ይመጣል። ሦስቱን አለፍኩ።

ከጫፉ በታች የተራራ ፍየሎች አየሁ። አምስት ናቸው፣ ነጫጭ፣ ጢማም። ነፋስ በረዶውን ጠርጎ ባጋለጠው ሣር ላይ ይግጣሉ። ዋሊያ ቢሆኑ ደስ ባለኝ፤ እነዚህ ለኮሎራዶም መጤ ናቸው፣ ሰው ነው ያመጣቸው። ጨው ይወዳሉና ሽንት ካማራችሁ ከመንገዱ ራቅ በሉ፤ ይከተሏችኋል። አንዱ ካልሲዬን ትኩር ብሎ አየው።

ለ6 ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጫፉ ላይ ቆምኩ። ስልኬን ከውስጥ ኪሴ፣ ከደረቴ አወጣሁ፤ ውጭ ቢሆን ባትሪው ያኔውኑ ይሞት ነበር። ፎቶ አነሳሁ። ከታች የሚወጡ ሁለት ባለ ስኪዎች በቀር ማንም አልነበረም። ሰባት ደቂቃ ቆየሁ፣ ከዚያ በላይ አይቻልም። ማልቀስ አሰብኩ፤ መነጽሬ ውስጥ እንዳይረጋብኝ ፈርቼ ተውኩት።

መውረዱን አላበዛውም። ጉልበት ይጨርሳል። 8 ሰዓት ከ45 ላይ መኪናዬ ጋ ነበርኩ።

አሁን ጣጣው። እኔ ብቻዬን ስሄድ ለታላቅ እህቴ የትኛውን መንገድ እንደምይዝ፣ መኪናዬ የት እንደቆመች እና መቼ እንደምደውል እጽፍላታለሁ። «እስከ 10 ሰዓት ካልደወልኩ 911 ደውዪ» ነበር ያልኳት። መኪናውን አስነስቼ ወደ 9 ሰዓት ላይ ደወልኩላት። ደስ ብሎኛል፣ እየጮኽኩ ነው የማወራው። እሷ ግን ተገርማ «ምነው ቶሎ ጨረስሽ? እኔ እስከ 10 ሰዓት አልጠብቅሽም ነበር እኮ፤ እንጀራ እየጋገርኩ ነው» አለችኝ።

«ሊሞላ አንድ ሰዓት ነው የቀረው» አልኳት።

«የምን አንድ ሰዓት? ገና ሦስት ሰዓት እኮ ነው። ሰባት ሰዓት ይቀራል።»

ዝም ተባባልን። እህቴ እዚህ አገር 26 ዓመቷ ነው። ለእሷ 10 ሰዓት ማለት የፈረንጁ የሌሊት 10 ነው። እኔ እግሬን ሰብሬ ሸንተረሩ ላይ ብወድቅ፣ ፀሐይ ከገባች ከአምስት ሰዓት በላይ ቆይታ ነበር የምትደውለው።

ማቀዝቀዣዋ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፌያለሁ። «ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ በፈረንጅ 4» ይላል፣ በትልቁ። እሷ ደግሞ ከሥሩ «ጓንት ግዢ» ብላ ጽፋበታለች።