ተርሚኒ አጠገብ፣ የላይኛው አልጋ

«ከባቡር ጣቢያው 5 ደቂቃ» ይላል ሮማ የያዝኩት ሆስቴል፣ ማለትም አልጋ በጋራ ክፍል የሚያከራይ ማረፊያ፣ ማስታወቂያ። እውነት ነው፣ ሻንጣ ለሌለው ሰው። እኔ ግን ሚላኖ ላለችው የአክስቴ ልጅ የተላከ በርበሬና ሽሮም ተሸክሜያለሁ። ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ዋናው ባቡር ጣቢያ ሮማ ተርሚኒ ድረስ በፈጣኑ ባቡር 32 ደቂቃ ነው፣ 14 ዩሮ። በልቤ ወደ ብር መነዘርኩትና ወዲያው ተውኩት። እንዲህ እያሰሉ አውሮፓ አይኬድም።

ሆስቴሉ ያለው አንድ አሮጌ ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ወይ ሰው ወይ ሻንጣ እንጂ ሁለቱን አይችልም። ሻንጣውን በሊፍት ላክሁትና እኔ በደረጃ ወጣሁ።

አልጋውን ቀድሜ ስለከፈልኩ ተዝናንቼ ነበር። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ መደመር ጀመረ። የከተማ ግብር፣ በየሌሊቱ፣ በጥሬ ገንዘብ። እሺ፣ ሕግ ነው። ፎጣ 3 ዩሮ። የዕቃ ሳጥን አለ፣ ጓጉንቸር ግን የለውም፤ እሱ ደግሞ 5 ዩሮ። መርካቶ ቢሆን ተከራክሬ በግማሽ አወርደው ነበር። እዚህ ልጁ ፈገግ ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት በጣቱ አሳየኝ።

ክፍሉ ባለ 8 አልጋ ነው። የደረሰኝ የላይኛው። በተገላበጥኩ ቁጥር ብረቱ ሲጥ ይላል። ከሥሬ የተኛው ሰውዬ ደግሞ ያንኮራፋል፣ ያውም እንደዋዛ አይደለም። ረጅም ይስብና ጸጥ ይላል። እቆጥራለሁ። «ሞተ እንዴ?» ብዬ ልወርድ ስል እንደ አይሱዙ ይነሳል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማዶ ያለችው ኮሪያዊት ልጅ እንደኔው አፍጥጣ አየችኝ። ምንም ሳትል ትንሽ ፌስታል ወረወረችልኝ። የጆሮ መድፈኛ! ጠዋት ልመርቃት ብፈልግ ቋንቋው ከየት ይምጣ? ቆሎ ሰጠኋት። አንድ በአንድ እያየች በላችው።

ከዚያ ኮዳዬን ይዤ ወጣሁ። የሮማ የመንገድ ቧንቧ ውኃ ይጠጣል፣ ነፃ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። ስሙን ካርታ ላይ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የትኞቹ 500 ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ለካ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የፈጇቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው! ሐውልታቸው ትንሽ አለፍ ብሎ ዛፎች መሃል ቆሟል። በፋሺስት ዘመን ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ አምጥተው ያስቀመጡት እሱ ሥር ነበር። አንበሳው ዛሬ ቤቱ፣ ለገሃር ነው። እኔም ስንቴ አጠገቡ ታክሲ እየጠበቅኩ ስልኬን ስነካካ ኖሬያለሁ።

ከሐውልቱ ፊት አንድ ሰው ጃኬቱን ተንተርሶ ተኝቷል። ቆም ብዬ አዳመጥኩት። አያንኮራፋም።