የሙዝ ዳቦ በሐዋሳ፦ መሀሉ ለምን ይሰምጣል?

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዩቲዩብ የምናያቸው የሙዝ ዳቦ አሠራሮች ግን አብዛኞቹ ዝቅ ላለ አገር የተለኩ ናቸው። ይህን አስቀድሞ የሚናገር ስለሌለ ብዙ ሰው "እጄ ለኬክ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል። እጁ ምንም አልሆነም፤ የተሰጠው የቤኪንግ ሶዳ ልክ ነው ያበላሸበት።

ለአንድ ረጅም የዳቦ ፓትራ የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው፦ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ተልጦ የተዳጠ 350 ግራም ሙዝ፣ 2 እንቁላል፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 110 ግራም ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ እርጎ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ብዙዎች ቀረፋ ይጨምራሉ፤ እኔ አዲስ የተወቀጠ ኮረሪማ አስበልጣለሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ሙዙን በፍሬ አትቁጠሩ። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ ስለሆነ "3 ሙዝ" የሚለው መመሪያ አይሠራም፤ መዝኑት። ልጣጩ ቡናማ ነጠብጣብ ካላወጣም ጠብቁ። ኦቨን ውስጥ አጥቁሩት የሚለው ምክር ያለሰልሰዋል እንጂ ቀን ወስዶ እንደበሰለው አያጣፍጠውም።

አሁን ወደ ሶዳው። ሶዳ ከሙዙና ከእርጎው ኮምጣጣነት ጋር ሲገናኝ ጋዝ ያወጣል። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ያው ጋዝ ይበልጥ ይለጠጣል። ሊጡ ኦቨን ውስጥ በፍጥነት ይነሳል፣ እንቁላሉና ዱቄቱ ግን ገና አልጠነከሩም። የጋዙ ከረጢቶች ይፈነዱና መሀሉ ቁጭ ይላል። ያልበሰለ ስለሚመስል ደግሞ ሰዓት ይጨመርበታል፤ ዳሩ ይደርቃል፣ መሀሉ እንደጎደጎደ ይቀራል።

በጣም የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ የሚሰጠው ምክር ነው። "አንሶት ነው፣ ጨምሪበት" ይባላል! የፓኬቱ ጀርባም ለቆላውም ለደጋውም አንድ ልክ ጽፎ አርፏል። የጨመረ ሰው የባሰ የሰመጠ፣ የጠቆረ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ዳቦ ያወጣል። አሠራሩ 1 የሻይ ማንኪያ ካለ እዚህ ሩቡን ቀንሱ፣ ማንኪያውንም በቢላ ጠርጋችሁ እኩል አድርጉት። ስኳሩንም በ1 ወይም በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፤ ስኳር ሲበዛ ሊጡ የሚጠነክርበትን ጊዜ ያዘገያል። 175 ዲግሪ የሚለውን 185 አድርጉት፣ ቶሎ እንዲይዝ። እርጎው የገባውም ለኮምጣጣነቱ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። በዚሁ ምክንያት የዳቦው መሀል በቴርሞሜትር 98 እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ዳቦውን ያደርቀዋል፤ 93 ላይ አውጡት።

ሱቅ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ስም ሳይጻፍበት ሶዳ ተብሎ የሚሸጠውን ነጭ ዱቄት አትመኑ። ቆንጠር አድርጋችሁ ሙቅ ውሃ ላይ ጣሉት፦ በኃይል ከተንተከተከ ቤኪንግ ፓውደር ነው። ዝም ብሎ ሎሚ ሲጠብበት ከፈላ ሶዳ ነው። ለሁለቱም ዝም ካለ ጣሉት። የፓውደር አቅም የሶዳ ሲሶ ገደማ ስለሆነ ያላችሁ ፓውደር ብቻ ከሆነ 2 የሻይ ማንኪያ አድርጉ።

ደረቁንና እርጥቡን በየሳህኑ አዘጋጁ፣ ኦቨኑ እስኪግል ግን አትቀላቅሉ። ሶዳው እርጥበት እንደነካው መሥራት ይጀምራል፤ ከተቀላቀለ በኋላ መብራት ቢሄድ ያ ሊጥ አይጠብቃችሁም። ሳይቀላቀል ከሄደ ግን ምንም አልከሰራችሁም። ስትቀላቅሉ በእንጨት ማንኪያ፣ ነጩ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ። በማሽን የተመታ ሊጥ እንደ ላስቲክ ይሆናል።

ለፓትራው የመጋገሪያ ወረቀት መግዛት አያስፈልግም። የድፎ ዳቦው ኮባ እዚህም ይሠራል፤ እንዳይሰነጠቅ እሳት ላይ ለብ አድርጋችሁ አንጥፉት። ሽታውን ከወረቀት ጋር አላወዳድረውም።

ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ከ40 ደቂቃ በፊት በሩን አትክፈቱ። መሀሉ ላይ የተሰካ ስቴኪኒ እርጥብ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በቃ። ከ40 ደቂቃ በኋላ መብራት ቢሄድ በሩን ዘግታችሁ ተዉት፣ የቀረው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከዚያ በፊት ከሄደ ወፍራም ድስት ሥሩ ላይ ጨው አፍስሳችሁ ጋዝ ላይ አግሉና ፓትራውን አስገብታችሁ ክደኑት። ትንሽ መስመጡ አይቀርም፣ ላዩም አይቀላም፣ ግን በደንብ ይበላል። ከፓትራው ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትቁረጡት፤ ትኩሱ በቢላ ይሰባበራል።